አሥር ሚሊ

ጥር 9 ቀን

ወንድምዓለም፣

ደብዳቤህ ከደረሰኝ ሦስተኛ ሳምንቱ ነው። መልሱን ያዘገየሁት ንቄህ አይደለም፤ አንተን ንቄ የት እደርሳለሁ። ቢሯችንን ከሁለተኛ ፎቅ ወደ አምስተኛ አዛውረውን፣ ፋይሎቻችን ገና በካርቶን እንደታሰሩ ናቸው። የኔ መስኮት የአውቶቡስ ጋራዥ ላይ ያፈጠጠ ነው። ቀኑን ሙሉ ጎማ ሲፈቱና ሲያስሩ እያየሁ እውላለሁ፤ ከኛ ይልቅ እነሱ ናቸው ሥራ የሚሠሩት።

ባለቤትህ እትዬ እንዴት ናት? ከማሸጊያ ክፍል ወደ ቢሮ ትዛወራለች ያልከኝ ነገር ከምን ደረሰ? ትልቋን አክስትሽን ናፍቀሻታል በላት። መንቶቹን ሳምልኝ፤ ሁለቱንም እኩል፣ አለዚያ ይጣላሉ።

ወደ ጥያቄህ ልምጣ። አዎ፣ ላየው እችላለሁ። ግን የሳሙና ፋብሪካችሁ ሥራ አስኪያጅ ስምንት ባር ግፊት አልበቃኝም፣ አሥር ይሁንልኝ ስላለ ብቻ ከዚህ ሆኜ “ይሁን” ብዬ የምልክልህ ነገር አይደለም። የእንፋሎት ታንካችሁ ክብና ረጅም ነው። ውስጡ የታመቀው እንፋሎት ብረቱን በሁለት አቅጣጫ ይጎትተዋል። አንዱ ሁለቱን ክዳኖች እየገፋ በቁመቱ ሊያረዝመው ይሞክራል፤ ሌላው ሆዱን ይነፋዋል። ሆዱን የሚነፋው ሁልጊዜ የሌላኛው እጥፍ ነው። እንዲህ ያለ ታንክ ሲፈነዳ እንደ ቋሊማ በርዝመቱ የሚተረተረው ለዚህ ነው። ሒሳቡ ራሱ አያስቸግርም፤ ግፊቱን በታንኩ ግማሽ ስፋት አባዝቼ ለላሜራው ውፍረት አካፍላለሁ። ስፋቱን ነግረኸኛል፤ አንድ ሜትር ከሃያ። የቀረኝ ውፍረቱ ነው።

ታንኩ ላይ የተለጠፈው ታርጋ የሚለውን እንዳትልክልኝ። እሱ ታንኩ የተሠራ ዕለት የነበረው ነው። እንፋሎት ሲቀዘቅዝ ውሃ ይሆናል፤ ውሃው ታች ይተኛል፤ ታች የተኛ ውሃ ብረት ይበላል፤ ይኸው አሥራ አራት ዓመቱ። ስለዚህ ታንኩን አቀዝቅዛችሁ፣ ሙቀት እንዳይወጣ የለበሰውን ገፍፋችሁ፣ አራት ቦታ ለካልኝ። ሁለቱ ከሆዱ ስር፣ በብየዳው መስመር ግራና ቀኝ ይሁኑ። መለኪያው ዘይት ፋብሪካ የሚሠራው ጓደኛህ ዘንድ አይጠፋም።

እህትህ


ጥር 24 ቀን

ሚጢ፣

አምስተኛ ፎቅ ወጣሁ ብለሽ ደግሞ እኛን ቁልቁል ማየት እንዳትጀምሪ። እኛ እዚህ ምድር ላይ ደህና ነን። ደብዳቤሽን ለእትዬሽ ሳነብላት ቋሊማው ላይ ስደርስ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። የቢሮው ነገር ቀርቷል፤ ለቦታው የሥራ አስኪያጁ የአጎት ልጅ ተገኘችለት። እሷ ግን አልከፋትም። ከታንኩ ክፍል በአንድ ግድግዳ ተለይታ፣ ረጅሙ ጠረጴዛ ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ ሳሙና ትጠቀልላለች። ግድግዳው ይሞቃል፣ ለወገቤ ደግ ነው ትላለች። ሙሽራው የምንለው የቦይለር ተቆጣጣሪም ሰላም በልልኝ ብሏል። አሁንም በነጭ ሸሚዝ ነው ሥራ የሚገባው፤ አሁንም ማንም አላገባውም።

ስለ ልኬቱ ደጋግመሽ ያሳሰብሽኝን አንብቤያለሁ። እንደ ተማሪ ቆጠርሽኝ፣ አልተቀየምኩም። ቁጥሮቹ እነዚህ ናቸው፤ በተለየ ቁራጭ ወረቀት ላይም ፈርሜ አድርጌልሻለሁ። ላይኛው፣ አሥር ሚሊ። ጎኑ፣ አሥር ሚሊ። ታች ከብየዳው በስተቀኝ፣ አሥር። ታች በስተግራ፣ አሥር። የድሮ ላሜራ ነው፤ የድሮ ሰው እንደሠራው ተቀምጧል።

አንድ ነገር ልለምንሽ። ሥራ አስኪያጁ “ይህ ከሆነ፣ ያ ካልሆነ” የሚል ወረቀት አይወድም። ዋናው መሥሪያ ቤት ቅድመ ሁኔታ ያየ እንደሆነ ነገሩን ለወራት ያጓትተዋል ይላል። አንድ ገጽ፣ አንድ ቁጥር፣ ማህተም። እስከ የካቲት አጋማሽ ካልደረሰ ሁለተኛውን ፈረቃ እዘጋለሁ ብሏል። ሁለተኛው ፈረቃ ሠላሳ ሁለት ሰው ነው፤ ግማሾቹን እኔ ነኝ ያስቀጠርኳቸው። በመንገድ ሳልፍ ሰላም የሚሉኝ ሁኔታ ተለውጧል፤ ጠጋ ብለው ነው ሰላም የሚሉኝ።

ወንድምሽ


የካቲት 5 ቀን

ወንድምዓለም፣

ወረቀቱን ከዚህ ጋር ታገኘዋለህ። አንድ ገጽ፣ አንድ ቁጥር፣ ማህተም፤ እንደተባልኩት። በላክህልኝ ውፍረት፣ አሥር ባር ላይ ብረቱ የሚያገኘው ውጥረት ስድሳ ነው። እንዲህ ላለ የቆየ ብየዳ የምንፈቅደው እስከ ሰባ ነው። ያልፋል፤ ተንደላቆ ግን አይደለም።

ወረቀቱ ላይ ያልጻፍኩትን እዚህ እጽፍልሃለሁ፤ በወንድምነትህ ትፈጽምልኛለህ። እንፋሎት ከመልቀቃችሁ በፊት ታንኩን ቀዝቃዛ ውሃ ሙሉትና በእጅ ፓምፕ እስከ አሥራ አምስት ባር ግፉት። ግማሽ ሰዓት ይቆይ። ደካማ ቦታ ካለው በውሃ ይሰነጠቃል፣ ወለሉ ይረጥባል፣ ተሳስቃችሁ ትጠርጉታላችሁ። በእንፋሎት ከተሰነጠቀ ግን የታመቀው ሁሉ ባንድ ጊዜ ነው የሚወጣው። ከልክ ያለፈውን ግፊት የሚያስተነፍሰውን ሴፍቲ ቫልቭም አሥር ላይ አስተካክለህ ማንም እንዳይነካው አድርግ።

ስለ ቁጥሮቹ አንድ ነገር ልጠይቅህ ብዬ ነበር። ተውኩት። አንተ ጽፈኸው እኔ ምን እጠይቃለሁ።

ለእትዬ የሱፍ ሹራብ ገዝቻለሁ፤ ሰው ሳገኝ እልክላታለሁ።

እህትህ


መጋቢት 27 ቀን

ሚጢ፣

ስለጠፋሁ ይቅርታ አድርጊልኝ። ሦስቱም ደብዳቤዎችሽ ደርሰውኛል።

እኛ ደህና ነን። ፋብሪካው ለጥቂት ጊዜ ቆሟል፤ ጥገና ላይ ነው። ታንኩ ትንሽ ችግር ገጥሞት ነበር። እትዬሽን ትንሽ አመም ስላደረጋት ሰላምታዋን መጻፍ አልቻለችም። ልጆቹ እህቷ ቤት ሰንብተው ተመልሰዋል። እኔ ቀኝ ጆሮዬ አልሰማ ብሎኛል፤ ሐኪሙ ይመለሳል ብሏል። ጽሑፌ ከተንሻፈፈብሽ ታገሺኝ፣ እጄ በጨርቅ ተጠቅልሏል።

ለመምጣት እንዳትነሺ። መንገዱም ጥሩ አይደለም፣ ቤቱም ሰው ይበዛበታል። ሹራቡ ደርሷል። ትልቋ አስቀምጣዋለች።

ስለ ወረቀቱ የሚጠይቅሽ ሰው ቢመጣ ጊዜ ስጡኝ በያቸው።

ወንድምሽ


ሚያዝያ 11 ቀን

ወንድሜ፣

ያንተ ደብዳቤና የአጣሪ ኮሚቴው ደብዳቤ በአንድ ቀን፣ በአንድ ፖስተኛ እጅ ደረሱኝ። ያንተን አስቀደምኩ። “ትንሽ አመም ስላደረጋት” የሚለውን አንብቤ፣ ምን መድኃኒት ልላክላት እያልኩ የነሱን ከፈትኩ። ሁለተኛው ገጽ ላይ ሰንጠረዥ አለ። ተራ ቁጥር አንድ፣ ወንድ፣ ዕድሜ ሃምሳ አንድ፣ የቦይለር ተቆጣጣሪ። ተራ ቁጥር ሁለት፣ ሴት፣ ዕድሜ ሠላሳ ስምንት፣ ማሸጊያ ክፍል። የአባቷ ስም ባይኖርበት ሌላ ሴት ናት ብዬ ራሴን አታልል ነበር።

መርዶ በደብዳቤ አይነገርም ብለህ ይሆናል። ይገባኛል። ሰው መላክ ግን ትችል ነበር። እዚህ ከተማ የሚመላለስ ሹፌር አይጠፋም፤ ሹራቡን ያደረሰልኝ ሰው እንኳ አለ። ለእኔ በሰንጠረዥ ተነገረኝ። አጠገቤ የምትቀመጠው ባልደረባዬ “ምን ሆንሽ?” ስትለኝ “ምንም” አልኳት፤ እስከ ሥራ መውጫ ድረስ እንደ ምንም ተቀመጥኩ። ደብዳቤውን ስትጽፍልኝ እትዬ ከሞተች አሥራ ስድስት ቀን ሆኗት ነበር። “ሰላምታዋን መጻፍ አልቻለችም” ብለህ የጻፍከውን ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አልነግርህም።

መጥቼ ከልጆቹ ጋር ልቀመጥ አልችልም። ኮሚቴው ሥራውን እስኪጨርስ ከከተማ እንዳልወጣ፣ ከፋብሪካው ሰው ጋርም ቃል እንዳልለዋወጥ አዞኛል። ይህን መጻፌም ጥፋት ነው። እጽፈዋለሁ።

አሁን የግድ ልጠይቅህ ነው። የተቀደደውን ላሜራ ለክተውታል። ላዩ ስምንት። ጎኑ ስድስት ተኩል። ታች ብየዳው አጠገብ ሁለት ሚሊ አይሞላም። እኔ ያሰላሁት በአሥር ነው። የኮሚቴው ሰብሳቢ ደውሎ “አሥሩን ከየት አመጣሽው?” አለኝ። “ወረቀቶቼ በካርቶን ናቸው፣ ልፈልግ” አልኩት። ያንተ ቁራጭ ወረቀት ግን ካርቶን ውስጥ አይደለም። መሳቢያዬ ውስጥ ነው። አንተን ሳልሰማ ለማንም አላሳየውም።

ለካህ ወይስ አልለካህም? ውሃውን ሞላችሁ ወይስ አልሞላችሁም? እነዚህን ሁለቱን ብቻ መልስልኝ፤ ሌላ ምንም አትጻፍ።


ሚያዝያ 26 ቀን

ሚጢ፣

አልለካሁም። አልሞላንም።

ሁለቱን ብቻ ብለሽ ነበር። ሁለቱን ብቻ ጽፌ ሦስት ቀን አስቀመጥኩት፤ እንዲያው ራቁቱን ልልከው አልቻልኩም።

መለኪያውን ተውሼ አምጥቼው ነበር። ታንኩን አቀዝቅዞ፣ ገፍፎ፣ ለክቶ መልሶ ለማልበስ ሁለት ቀን ሥራ ማቆም ነበረብን። ሥራ አስኪያጁ “ታርጋው ላይ አሥር ይላል። አንተ ደግሞ ምን ልትል ነው?” አለኝ። ሠላሳ ሁለቱን ሰዎች አሰብኩ። አይ፣ አሁን እንኳ ልዋሽሽ አልፈልግም፤ እነሱን ብቻ አይደለም ያሰብኩት። የጥገና ኃላፊነቱን ሊሰጠኝ ቃል ገብቶ ነበር። ምሳ ሰዓት ላይ፣ ሰዉ ሲወጣ፣ ታንኩ ስር ቁጭ ብዬ አራት ጊዜ አሥር ጻፍኩ። መለኪያውን ከነሳጥኑ መለስኩት። ጓደኛዬ “ሠራልህ?” ሲለኝ “አዎ” አልኩት።

ለውሃው ፓምፑን ጠይቄ ነበር፤ ይህን እመኚኝ። ደብዳቤሽን አሳየሁት። “ማህተም ያለበት ወረቀት ላይ የት አለ?” አለኝ። አልነበረም።

ታንኩ የፈነዳው ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ነበር። የቧንቧ መገጣጠሚያ ጎማ ልወስድ መጋዘን ሄጄ ፊርማ እየፈረምኩ ነው። ድምፁን አልነግርሽም፤ በቀኝ ጆሮዬ የሰማሁት የመጨረሻ ነገር እሱ ነው። ስመለስ ሙሽራው ግፊቱን የሚያሳየው ጌጅ ይሰቀልበት የነበረው ቦታ ስር ነበር። በታንኩና በማሸጊያው መካከል ግድግዳ የሚባል ነገር አልነበረም። ሳሙናው ቀልጦ ወለሉን ሞልቶታል። እየተንሸራተትኩ፣ እየወደቅኩ ነው የፈለግኳት። እጄ የተቃጠለው ያኔ ነው።

ከተማው ውስጥ የሚወራውን ሌላ ሰው ሳይነግርሽ እኔ ልንገርሽ። “ኢንጂነሯ እህቱ ሒሳብ ተሳስታ” ነው የሚባለው። ማን እንደጀመረው አላውቅም። እኔ ግን አላስቆምኩም። ትልቋ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በር ላይ ቆማ “አባዬ፣ አክስቴ ናት?” አለችኝ። ዝም አልኩ። ቦርሳዋን እንኳ ሳታወርድ ገብታ ፎቶግራፍሽን ከግድግዳ አወረደችው።

ለምኜሽ አላውቅም። አሳድጌሻለሁ ብዬም አላውቅም፤ አሁንም አልልም። ያን ወረቀት አታሳዪብኝ። ልጆቹ እናታቸውን አጥተዋል። አባታችሁ ነው ያጠፋት ከተባሉ ከማን ጋር ነው የሚኖሩት? አንቺ ትምህርት አለሽ፣ ሌላ ቦታ ይቀጥሩሻል። አንቺ የምታሳድጊው የለሽም።

ወንድምሽ


ግንቦት 8 ቀን

ወንድሜ፣

“አንቺ የምታሳድጊው የለሽም” ያልከው ደርሶኛል። ልክ ነው፣ የለኝም። አልፈዋለሁ።

በእኔ በኩል ያለውንም ስማ። አሥር፣ አሥር፣ አሥር፣ አሥር። አሥራ አራት ዓመት የሠራ ታንክ አራት ቦታ ተለክቶ አንድ ዓይነት አይወጣም። አዲስ ላሜራ እንኳ አንድ ቦታ ዘጠኝ ነጥብ ስምንት፣ ሌላ ቦታ አሥር ነጥብ አንድ ነው የሚለው። ሌላ ሰው እንዲህ ያለ ቁጥር ይዞ ቢመጣ ወንበር ሳላስይዘው ነበር የምመልሰው። ያን ቀን ልጠይቅህ ብዬ የተውኩት ይህንን ነበር። አፍሬህ ተውኩት። ወንድሜን አልለካህም ከማለት፣ እትዬን ግድግዳው ስር መተው ቀለለኝ ማለት ነው። ሲጻፍ ያስጠላል፤ ግን እንዲህ ነው። የውሃውንም ነገር ማህተሙ ያረፈበት ገጽ ላይ ማስፈር ሲገባኝ፣ አይቼው የማላውቀውን ሥራ አስኪያጅ ላለማስከፋት ወደ ደብዳቤ አዞርኩት።

ትናንት ኮሚቴው ፊት ቀርቤ ይህንኑ ተናገርኩ። ሦስት ሰዎች ናቸው፤ አንዱ ይጽፋል፣ አንዱ ያንቀላፋል። “ያላመንኩበትን ቁጥር ተቀብያለሁ። የውሃ ፍተሻውንም ወረቀቱ ላይ አላሰፈርኩም” አልኳቸው።

“ቁጥሩን ማን ሰጠሽ?” አለኝ ሰብሳቢው።

“የሰጠኝ ሰው ራሱ ይንገራችሁ።”

መነጽሩን አውልቆ አየኝ። ወንድሜ መሆንህን ያውቃል። “እንዲህ ካልሽ፣ እሱም ካልተናገረ፣ ሁሉም አንቺ ላይ እንደሚያርፍ ገብቶሻል?”

“ገብቶኛል።”

የሚያንቀላፋው እንኳ ነቃ።

አራቱ አሥሮች ያሉበትን ቁራጭ ወረቀትና የመጨረሻ ደብዳቤህን እዚህ ፖስታ ውስጥ አድርጌ መልሼልሃለሁ። ቅጂ አላስቀረሁም። ግንቦት 20 እዚያው ከተማችሁ መጥተው ይጠሩሃል። ይዘሃቸው ግባ፣ ወይም እሳት ውስጥ ክተታቸው፤ እኔ አልመርጥልህም። የምለምንህ አንድ ነገር ነው። ትልቋን “አክስትሽ ናት” አትበላት። ዝም ብለህም አትበላት።

እህትህ


ግንቦት 23 ቀን

ሚጢ፣

ይዣቸው ገባሁ። እዚህ ላይ ባቆም ደስ ይለኝ ነበር።

የተሰበሰቡት ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ውስጥ ነው። ወረቀቶቹ በኮቴ የውስጥ ኪስ ውስጥ ናቸው። ስገባ ሥራ አስኪያጁ ፊት ለፊት ተቀምጧል። የሙሽራው እናት ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል፤ ወንበር ሲሰጧቸው እምቢ አሉ። ዞር ስል ትልቋ ሁለተኛው ረድፍ ላይ አለች። አትምጪ ብያት ነበር። የእናቷን ሹራብ ለብሳለች፣ አንቺ የላክሽውን። እጅጌው ይረዝምባታል።

ሰብሳቢው “እህትህ ቁጥሩን የሰጠኝ ሰው ራሱ ይንገራችሁ ብላለች። ማን ነው?” አለኝ።

እጄ ወደ ኪሴ ሄዶ ነበር። እውነቴን ነው፣ ወረቀቱን በጣቴ ነክቼዋለሁ።

“አላውቅም” አልኩ።

“አንተ አይደለህም?”

“ታርጋው ላይ አሥር ይላል። ከዚያ ይሆናል።”

የሚጽፈው ሰው ጻፈው። እስክሪብቶው ወረቀቱን ሲጭር በደህናው ጆሮዬ ሰማሁት። ሌላ ጥያቄ አልነበራቸውም። የሙሽራው እናት ስወጣ እጄን ይዘው “አይዞህ ልጄ፣ አንተም የራስህን አጥተሃል” አሉኝ። ሥራ አስኪያጁ ደጅ ላይ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። የጥገና ኃላፊ የሚለው ደብዳቤ ትናንት ደርሶኛል። ልመልሰው አስቤ ነበር። መንቶቹ ጫማ ጠቧቸዋል።

ትልቋ ከአዳራሹ እስከ ቤት ቀድማኝ ሄደች። በኋላ ሳህን እያጠበች፣ ጀርባዋን እንደሰጠችኝ፣ “አባዬ፣ ታርጋው ላይ ያለውንማ አክስቴ እንዴት አየችው? እዚህ መጥታ አታውቅም እኮ” አለችኝ። “ሥዕል ልከውላት ይሆናል” አልኳት። ሳህኑን ማጠቧን ቀጠለች።

ይቅር በይኝ አልልሽም። እንድትጽፊልኝ ብቻ ነው የምፈልገው። ስድብም ቢሆን ጻፊልኝ።

ወንድምሽ


ሐምሌ 4 ቀን

ወንድሜ፣

ጻፊልኝ ስላልክ እጽፋለሁ። ስድብ አይደለም፤ አቅሙም የለኝ።

ውሳኔውን ሳትሰማ አትቀርም። የሙያ ፈቃዴን ወስደውታል። ፋብሪካው የባለሙያ ወረቀት ተከትሎ ስለሠራ አይጠየቅም ተብሏል። የቢሮ ቁልፌን ለጥበቃው አስረክቤ በደረጃው ወረድኩ፤ ሊፍቱ ውስጥ ሰው እንዳላገኝ ብዬ። አሁን የቧንቧ ዕቃ መሸጫ ውስጥ ቆሜ እውላለሁ። ሰው መጥቶ “ይህ ቫልቭ ስንት ይችላል?” ብሎ ሲጠይቀኝ ላዩ ላይ የተጻፈውን አነብለታለሁ። ከዚያ በላይ እንድናገር አልተፈቀደልኝም። ባለቤቱ ደግ ሰው ነው፤ ማን እንደሆንኩ ሰምቷል፣ ግን አላነሳብኝም። ደንበኞቹ ያነሳሉ።

አንድ ቀን ወደ ልጆቹ እመጣለሁ ብዬ አስብ ነበር። አሁን አላስብም። እትዬ የምትቀመጥበት ቦታ ላይ ካንተ ጋር ተቀምጬ፣ ከሁለታችን አንዳችን እንዳንናገር እየተጠባበቅን ምን እናወራለን?

ትልቋ ጽፋልኛለች። አድራሻዬን ላንተ ከላክኋቸው ፖስታዎች ጀርባ አግኝታው ነው። ውሳኔው ፋብሪካው በር ላይ ሲለጠፍ ቁጥሮቹን ደብተሯ ላይ ገልብጣ ሒሳቡን ራሷ ሠርታዋለች። ሁለት ጊዜ ሠራሁት ትላለች። “አክስቴ፣ በአሥር ሚሊ ከሆነ ሒሳብሽ ልክ ነው፤ ስህተት ፈልጌ አጣሁበት። አሥሩን ግን ማን ነገረሽ?” ፎቶግራፌን ስላወረደችው ምንም አላለችም። ገና አልወሰነችም ማለት ነው። ወደድኩላት።

ልዋሻት ሞከርኩ፣ እጄ እሺ አላለኝም። እውነቱን ልጽፍላት ሞከርኩ፤ ያንተ ልጅ ናት፣ በእኔ እጅ ጽሑፍ መስማት የለባትም። በመጨረሻ አንድ መስመር ብቻ ጻፍኩላት። “ከፋብሪካው በጽሑፍ ነው የመጣልኝ፤ የማን ጽሑፍ እንደሆነ አባትሽን ጠይቂው።”

የሷን ሰኞ ላክሁት። ይህን የምልከው ዛሬ ሐሙስ ነው። ይህ እጅህ ሲገባ እሷ አንብባ ጨርሳለች። ፖስታውን ያቀበለችህም እሷ ትሆናለች። እዚያው ቆማ እንደሆነ ቀና በልና እያት።